የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ስቶቩ ኮድ ሲያወጣ ከካርዱ በፊት ሽቦውን እዩ

በዚህ ወር ከጅማ የመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ስቶቭና ኦቨን ናቸው፣ በተለይ ዲጂታል የሆኑት፣ ሰአት የሚያሳዩበት ቦታ ላይ ድንገት ፊደልና ቁጥር እያወጡ የሚጮሁት። ስለዚ ሌላውን ለሚቀጥለው እናቆየውና ዛሬ እሱ ላይ ብቻ እንነጋገር። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፣ ያ ኮድ የሚነግራችሁ ካርዱ፣ ማለትም ስቶቩን የሚያዘው ውስጡ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ምን እንዳየ ነው እንጂ የትኛው እቃ እንደተበላሸ አይደለም። ካርዱ "ከሴንሰሩ የሚመጣው ልክ አይደለም" ሲል ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦው ሊሆን ይችላል፣ መያያዣው ሊሆን ይችላል፣ ካርዱ ራሱም ሊሆን ይችላል። ብዙ ቤት ግን ኮድ ታየ ማለት ካርድ ይቀየር ማለት ሆኗል፣ ካርድ ደሞ ውድ ነው፣ ሰው ከውጪ እስኪመጣም ይጠበቃል፣ መጥቶ ተገጥሞ ያው ኮድ ተመልሶ ሲወጣ ነው ሰው የሚያዝነው። ይሄ እንዳይሆን ነው ሁሉንም በዝርዝር የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ኬክና ዳቦ እየጋገርኩ ነው የምሸጠው። ስቶቩን እህቴ ከአሜሪካ ነው የላከችልኝ፣ ኤሌክትሪሻን በትራንስፎርመር ገጥሞልኝ ጥሩ ሲሰራ ቆየ። አሁን ግን ኦቨኑ ትንሽ ሞቅ ሲል ኤፍ 3 ብሎ ይጮህና ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ደሞ ምንም እንዳልሆነ ይሰራል። ሰሪ ጠርቼ ካርዱ ነው፣ አስመጪ አለኝ። እውነት ካርዱ ነው? (ከኮቺ)

መልስ፦ እህቴ ካርዱን ለማስመጣት አትቸኩዪ። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ስቶቮች ላይ ኤፍ 3 ማለት የኦቨኑ የሙቀት ሴንሰር መስመር ተቋርጧል ማለት ነው፣ ኤፍ 4 ደሞ ሾርት አርጓል ማለት። ያንቺ የሌላ ካምፓኒ ከሆነ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል፣ ፍሪጂዴር ላይ ያው ችግር ኤፍ 30 እና ኤፍ 31 ሆኖ ነው የሚወጣው፣ አዳዲሶቹ ዊርልፑሎች ላይ ኤፍ3ኢ0። ስለዚ የጎረቤት ስቶቭ ኮድ ላንቺ አይሰራም። ትክክለኛው ዝርዝር ብዙ ጊዜ እዛው ስቶቩ ውስጥ አለ፣ የአሜሪካ ስቶቮች ላይ ለሰሪ ተብሎ የተጣጠፈ ወረቀት ከታች መሳቢያው ስር ወይም ከኋላ ክዳኑ ውስጥ ይደረጋል፣ ብዙ ሰው አይቶት አያውቅም። እሱን ፈልጊ፣ የኮዱ ትርጉምም የሽቦው ስእልም እሱ ላይ ነው ያለው።

ሲሞቅ ተቋርጦ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ነገር ደሞ እኔን ቀድሞ የሚያስጠረጥረኝ መያያዣ ነው፣ ምክንያቱም ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ የላላ ወይም የተቃጠለ መያያዣ ያኔ ይለቃል። ግን በጥርጣሬ እቃ አይገዛም፣ ይለካል። የሚያስፈልገው ካቻቪቴና መልቲሜትር ብቻ ነው፣ መልቲሜትር ያለው ሰፈር ውስጥ ያለ የሬዲዮና ቲቪ ሰሪም ቢሆን ይችለዋል።

በመጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ። የስቶቩን ቁልፍ ማጥፋት ማለቴ አይደለም፣ ብሬከሩ፣ ከዛም ትራንስፎርመሩ መጥፋቱ ይረጋገጥ። ኦቨኑን ከፍተሽ ከውስጥ የኋላው ግድግዳ ላይ ከላይ በኩል ብታዪ እርሳስ የሚያክል ቀጭን የብረት ዘንግ ወደፊት ወጥቶ ታያለሽ፣ ሴንሰሩ እሱ ነው። በሁለት ብሎን ነው የተያዘው። ብሎኖቹን ፈትቶ ቀስ ብሎ ሲስቡት ሽቦው ከነመያያዣው ተከትሎ ይወጣል፣ እዚ ጋር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ መያያዣውን ነቅላችሁ ከለቀቃችሁት ወደ ቀዳዳው ይመለስና ስቶቩን ከግድግዳ ጎትቶ ከኋላ መክፈት ይመጣል፣ ስለዚ በክር ይታሰር።

አሁን መልቲሜትሩን ኦም ላይ፣ ማለትም እቃው መብራትን ምን ያህል እንደሚከለክል የሚለካበት ላይ፣ አርጎ ሁለቱን የሴንሰር ጫፎች መለካት ነው። እነዚ ሴንሰሮች 0 ዲግሪ ላይ 1000 ኦም ናቸው፣ ከዛ በላይ በየዲግሪው ወደ 4 ኦም ገደማ ይጨምራሉ። ጅማ ውስጥ ቤት ውስጥ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ስለሆነ ከ1080 እስከ 1100 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። መልቲሜትሩ ኦኤል (OL፣ መስመሩ ክፍት ነው ማለት) ካለ ሴንሰሩ ተቋርጧል፣ ወደ ዜሮ ከወረደ ሾርት ነው፣ በሁለቱም ሴንሰሩን መቀየር ነው፣ እሱ ደሞ ከካርዱ ጋር ሲወዳደር በጣም ርካሽ ነው፣ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥም ይመጣል።

ያንቺ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰራ ግን ምናልባት ቀዝቃዛ ላይ ልክ ነው የሚያሳየው። ስለዚ በሙቀትም ይለካ። ውሃ አፍልተሽ የብረቱን ጫፍ ብቻ አስገቢው፣ ሽቦው ውሃ እንዳይነካው። ከተማችን ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ በ94 ገደማ ነው የሚፈላው፣ ስለዚ ትክክለኛ ሴንሰር 1360 ኦም አካባቢ ያሳያል። አንዳንድ ሰሪዎች በሚፈላ ውሃ 1385 መሆን አለበት ብለው ደህናውን ሴንሰር ይጥሉታል፣ ያ ቁጥር ባህር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው፣ ለጅማ አይሰራም። ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ ድንገት ኦኤል ካለ ሴንሰሩ ውስጡ ተሰብሯል ማለት ነው።

ሴንሰሩ በሁለቱም ልክ ከሆነ መልሳችሁ አያይዙትና አሁን ደሞ ካርዱ ጋር ሂዱ፣ የሴንሰሩን ሁለት ሽቦዎች ከካርዱ ላይ ነቅላችሁ በሽቦዎቹ ጫፍ ለኩ። እዛም ያው 1085 ምናምን መሆን አለበት። ሴንሰሩ ጋ ልክ ሆኖ ካርዱ ጋ ኦኤል ካለ ወይም ሽቦውን ሲያንቀሳቅሱት ቁጥሩ ከዘለለ ጥፋቱ መሃል ላይ ነው፣ ከኦቨኑ ኋላ ያለውን መያያዣ እዩት፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ ሆኖ ወይም ጠቁሮ ይገኛል። ሲቀየር ታዲያ ለቤት መብራት የምንጠቀምበት የፕላስቲክ መያያዣና ተራ ሽቦ አይሁን፣ ቀልጦ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ የሸክላ መያያዣና ሙቀት የሚችል ሽቦ ነው የሚያስፈልገው።

ካርዱ ጋ በቀዝቃዛውም በሙቁም ልክ ሆኖ ያው ኤፍ 3 ከወጣ፣ ያኔ ሰሪሽ ያለው ትክክል ነው ማለት ነው፣ ካርዱ ነው። ያኔም ቢሆን ከማስመጣትሽ በፊት ካርዱ ላይ ሽቦው የሚሰካበት ቦታ ብየዳው የተሰነጠቀ መሆኑን በማጉያ አሳይው፣ የተሰነጠቀ ብየዳ እዚሁ ይበየዳል። እስኪለይለት ድረስ ግን የሰው የሰርግ ኬክ ምናምን እሱ ላይ አትጋግሪ፣ ግማሽ ላይ ያጠፋብሻል።

ጥያቄ፦ እኔም ከአሜሪካ የመጣ ስቶቭ አለኝ፣ ኮድ አያወጣም ግን ሰአቱ ወደኋላ ይቀራል። ጠዋት አስተካክዬው ማታ ሳየው ብዙ ቀርቷል። ልጆቹ ዳቦውን በእሱ ሰአት ሞልተው ያሳርሩታል። ካርዱ እየሞተ ነው? (ከጅሬን፣ የቤተሰብ አባት)

መልስ፦ ጋሼ ስቶቮ ምንም አልሆነም። ቀላል ሂሳብ ነው፣ የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ የኛ 50። አንዳንድ ስቶቮች ሰአቱን የሚቆጥሩት ከመብራቱ ነው፣ 60 ሲሞላ አንድ ሰከንድ ይላሉ፣ እዚ ግን 60 እስኪሞላ 1.2 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚ በየሰአቱ 10 ደቂቃ ይቀራል፣ ከጠዋት እስከ ማታ በ12 ሰአት ሁለት ሰአት ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን ነው የሚቀንሰው፣ ይሄን አይነካውም። ዳቦው የሚያርረውም ለዚ ነው፣ 60 ደቂቃ ብለው ሲሞሉት በእውነቱ 72 ደቂቃ ነው የሚጋግረው። አንድ ሰአት እንዲጋግር ከፈለጉ 50 ይሙሉት፣ ግማሽ ሰአት ከሆነ 25። ወይም በስልክ ይያዙት፣ እሱ ይሻላል።

በዚው አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፣ "ስቶቩ 240 ይላል የኛም 220 ነው፣ ቀጥታ ሰካው" የሚል ሰው ካለ እንዳትሰሙት። የአሜሪካ ስቶቭ 240 የሚያገኘው ከሁለት መስመር ነው፣ እያንዳንዱ ከኒውትራሉ ጋር 120 ነው፣ ካርዱና መብራቱ ብዙ ጊዜ በዛ በ120 ነው የሚሰሩት። በኛ አንድ ፌዝና ኒውትራል ቀጥታ ሲገጠም 120 የለመደው ካርድ 220 ሊደርሰው ይችላል፣ ያኔ ኮድ ለማውጣት እንኳን ጊዜ አያገኝም። መሃሉ ላይ ኒውትራል የሚያወጣ፣ ግራና ቀኙ 120 የሆነ ትራንስፎርመር ነው የሚያስፈልገው፣ አቅሙም ለስቶቩ ሙሉ ዋት የሚበቃ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ እናቴ እንጀራ ስትጋግር እኔ ኢንዳክሽኑ ላይ ወጥ ስሰራ ኢንዳክሽኑ ኢ ብሎ ቁጥር ያወጣና ይጠፋል። ምጣዱ ሲጠፋ በደንብ ይሰራል። ኢንዳክሽኑን ለወጥነው፣ አዲሱም ያው ነው። (ከሂርማታ)

መልስ፦ ሁለት ኢንዳክሽን አንድ አይነት ባህሪ ካሳየ ጥፋቱ የኢንዳክሽኑ አይደለም፣ የቤቱ መስመር ነው። የኢ ቁጥሮች በየካምፓኒው ይለያያሉ፣ አንዱ ጋ ድስት የለም ማለት የሆነው ሌላው ጋ ቮልቴጅ ወረደ ማለት ነው፣ ከእቃው ጋር የመጣው ወረቀት ላይ እዪው፣ ያንቺ ግን ሁኔታው ራሱ ቮልቴጅ ነው ይላል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ከሆነ 16 አምፔር ይስባል፣ 2000 ዋት ኢንዳክሽን 9፣ በድምሩ 25። ይሄ ሁሉ በአንድ 2.5 ሽቦ (ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ካሬ)፣ እሱም መሃል ላይ ተጠማዞ በፕላስተር የታሰረ ከሆነ፣ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ያልቃል።

ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ሶኬቱ ላይ ቮልቴጁን ምጣዱ ጠፍቶና በርቶ ያስለኩ፣ ከዛ ቆጣሪው ጋርም እንደዛው። ለምሳሌ ሶኬቱ ላይ ከ220 ወደ 180 ወርዶ ቆጣሪው ጋ ግን 215 ከሆነ ጥፋቱ ቤታችሁ ውስጥ ነው፣ የሆነ መያያዣ ውስጥ ብዙ መቶ ዋት ሙቀት እየሆነ ነው ማለት ነው፣ እሳት የሚነሳው ከዚ ነው። ለምጣዱ የራሱ መስመር ይሳብለት፣ በ4 ወይም በ6 ሽቦ፣ በራሱ ብሬከር። ምጣዱም ኢንዳክሽኑም ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ። ቆጣሪው ጋም እኩል ከወረደ ግን ከውጪ ነው፣ ያንን ለመብራት ሃይል ማመልከት ነው።

አንድ ምልክት ግን ካያችሁ ለነገ አትበሉ፣ ምጣዱ ሲበራ የአንዱ ክፍል አምፖል ደብዝዞ የሌላው ክፍል አምፖል ከድሮው በላይ ከደመቀ፣ ሶስት ፌዝ በገባበት ቤት ይሄ ኒውትራሉ ላልቷል ወይም ተቆርጧል ማለት ነው። አንዱ መስመር ሲወርድ ሌላው ከ300 በላይ ሊወጣ ይችላል፣ ፍሪጅ ቲቪ ሁሉንም ይወስዳል። ዋናውን ብሬከር አውርዱና ሰው ጥሩ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ኤሌክትሮኒክስ እሞክራለሁ። የአክስቴ ስቶቭ ክረምት ሲገባ ሌሊት ማንም ሳይነካው ኤፍ 7 ብሎ ይጮሃል። ብሬከር ስናወርድ ዝም ይላል፣ ከሰአታት በኋላ ይመለሳል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ክረምቱን ማስተዋልህ ግማሹን ስራ ሰርቶልሃል። ኤፍ 7 በብዙዎቹ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቀርቷል ማለት ነው። የሚነካው ላስቲክ መሳይ ፊት ስር ሁለት ስስ ንብርብሮች አሉ፣ መሃላቸው እርጥበት ከገባ ካርዱ ጣት የተጫነው ይመስለዋል። የጅማ ክረምት እርጥበቱን ታውቀዋለህ፣ በዛ ላይ የድስት እንፋሎት አለ፣ በዛ ላይ ፊቱ በሚንጠባጠብ ጨርቅ ይጠረጋል። በመጀመሪያ ብሬከሩን አውርዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ይድረቅ፣ አክስትህም ከዚ በኋላ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት።

ካልጠፋ ብሬከሩ እንደወረደ ከኋላ ከፍተህ ከቁልፎቹ ወደ ካርዱ የሚመጣውን ጠፍጣፋ ሪበን ንቀለው፣ ሳትጎትት፣ መቆለፊያ ካለው መጀመሪያ እሱን አንሳ። ክዳኑን መልሰህ ብሬከሩን አብራና ሌሊቱን ጠብቅ። ሪበኑ ተነቅሎ ኮዱ ካልመጣ ጥፋቱ የቁልፎቹ ፊት ነው፣ ተነቅሎም ከመጣ ካርዱ ነው። ይሄ ሙከራ ገንዘብ አያወጣም፣ ግን ከሁለቱ የትኛውን እንደምትገዙ ይነግርሃል። አንዳንድ ሞዴሎች ሪበኑ ሲነቀል ሌላ ኮድ ያወጣሉ፣ እሱ አያስደንግጥህ፣ የምትፈልገው ኤፍ 7 ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን ነው። ካርዱን ስትከፍት ደሞ በረሮ ካለ እይ፣ ሙቀት ስለሚወዱ እዛ ይገባሉ፣ ቆሻሻቸው እርጥበት ይዞ ሾርት ያረጋል፣ ደረቅ በሆነ የቀለም ብሩሽ አጽዳው።

አጫጭሮቹን ቶሎ ልመልስ። ኤልኦሲ የሚል ጽሁፍ የሚያይ ከቦሳ የጻፈ አንባቢ፣ ብልሽት አይደለም፣ ልጆች እንዳይነኩት የሚደረገው ቁልፍ በስህተት በርቶ ነው፣ የቁልፍ ስእል ያለበትን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ። ፒኤፍ የሚለውም ያው ነው፣ መብራት ሄዶ ነበር እያለ ነው፣ ሰአቱን መሙላት ብቻ። መብራት በሄደ ጊዜ ግን የስቶቩን ብሬከር አውርዱት፣ ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ሲረጋጋ አብሩት፣ እንደመጣ ያለው ከፍ ዝቅ ነው ካርድ የሚያቃጥለው። የጋዝ ስቶቭ ያላቸው እናት ደሞ "ቁልፉን ስለቀው እሳቱ ይጠፋል፣ ኮድ ግን የለውም" ብለዋል፣ እትዬ እሳቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ የብረት ጫፍ እሳት መኖሩን የምታውቅ ናት፣ ጥላሸት ከያዛት ወይም ከእሳቱ ከራቀች ጋዙን ትዘጋለች። ሲሊንደሩ ተዘግቶ ስቶቩ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ ትጠረግ። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ምንም አይሞክሩ፣ ሲሊንደሩን ዘግተው መስኮት ይክፈቱ፣ የመብራት ማብሪያም አይንኩ።

ጥያቄ፦ ኦቨኑን አጥፍቼ ሄጄ ስመለስ ኤፍ 2 ብሎ ይጮሃል፣ ውስጡ ደሞ እንደ እሳት ነው። ሁለት ጊዜ ሆነ። ሴንሰር ነው ብለው ቀየሩልኝ፣ አልተለወጠም። (ከፈረንጅ አራዳ፣ ትንሽ ካፌ ያለው)

መልስ፦ ወንድሜ ይሄ ዛሬ ከተጻፉልኝ ሁሉ አደገኛው ነው፣ እስኪሰራ ድረስ ብሬከሩ ወርዶ ይቆይ፣ ሰራተኞችህም እንዳያበሩት ንገራቸው። ኤፍ 2 በብዙዎቹ ላይ ኦቨኑ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ሁለት መንገድ አለው። ኦቨኑ ቀዝቃዛ ሆኖ እንደበራ ወዲያው ኤፍ 2 የሚል ከሆነ ካርዱ እየተታለለ ነው፣ የሴንሰሩ መስመር ኦሙ በዝቶ ነው፣ 2200 ኦም ካየ ካርዱ 320 ዲግሪ የሞቀ ይመስለዋል። ያኔ ለኮቺዋ እህታችን እንደጻፍኩት መለካት ነው። ያንተ ግን በእጅህ አረጋግጠኸዋል፣ በእውነት ሞቋል፣ ጠፍቶም እየሞቀ ነው፣ ስለዚ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የተናገረው፣ መጀመሪያም መቀየር አልነበረበትም። ጠፍቶ የሚሞቅ ኦቨን ካርዱ ላይ ሆኖ መብራቱን የሚቆርጠው ሪሌይ ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው፣ ካርዱ ቁረጥ ይላል ግን የሪሌዩ ሁለት ኮንታክቶች (የሚነካኩትና የሚለያዩት ብረቶች) ተበያይደዋል።

ብሬከሩ ወርዶ ካርዱ ወጥቶ በመልቲሜትር የሪሌዩ ኮንታክቶች ይለኩ፣ ካርዱ ምንም መብራት ሳይኖረው ክፍት መሆን አለባቸው፣ ዜሮ ኦም ካሳየ ተጣብቋል። ሙሉ ካርድ መግዛት አያስፈልግም፣ ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሪ ሪሌዩን ብቻ ነቅሎ ይቀይረዋል፣ ግን ጀርባው ላይ የተጻፈው የኮይል ቮልቴጅና አምፔር አንድ አይነት መሆን አለበት፣ አምፔሩ ያነሰ ከገጠመ በወራት ውስጥ መልሶ ይጣበቃል። ተቀይሮ ሲያልቅ ኦቨኑን ባዶውን 180 ላይ አሙቀው፣ አጥፋውና እዛው ቁጭ ብለህ ሙቀቱ እየወረደ መሆኑን አይተህ ነው ለስራ የምትመልሰው።